ከመሐል ግቢ

ልጄ፣ የቴሪ ፕራቸትን «ኤሪክ» ይዘሽ፣ «ይሄ ዘጠነኛው ነው፤ ከፊቱ ያሉትን ስምንቱን ሳላነብ እንዴት እጀምረዋለሁ?» እያልሽ እንደምታመነቺ ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ ጀምሪው። «ዲስክወርልድ» የሚባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀምሮ፣ ደራሲው በሞተበት በ2015 የመጨረሻው ሲወጣ 41 ልብ ወለድ ደርሷል። ሁሉንም በተራ ካልተወጣሁት ብሎ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሳቁም ግዴታ ይሆንበታል። «ኤሪክ» ግን በ1990 የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቁታል።

ስንቅሽ ይኼው ነው፦ ዓለሙ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ በአራት ዝሆኖች ጀርባ ላይ ተቀምጧል፤ ዝሆኖቹም በአንድ ግዙፍ ኤሊ ላይ ቆመዋል። ሪንስዊንድ የሚባል፣ አስማት ተምሮ ያልሆነለት፣ ከመሸሽ በቀር ሙያ የሌለው ሰው አለ። ብዙ እግር ያለው ሣጥን በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ሌላውን መጽሐፉ ራሱ ይነግርሻል።

ታሪኩ ደግሞ ለደብረ ታቦር ልጅ ባዕድ አይደለም። ኤሪክ ጢም ያላቀነቀነ ልጅ ነው። ጋኔን ስቦ ሦስት ምኞት ሊያስፈጽም ሲል፣ በጋኔኑ ፈንታ ሪንስዊንድ ይመጣበታል። ከጋይንት እስከ ፎገራ፣ የመምህሩን መጽሐፍ ሰርቆ ጋኔን ስለጎተተና መመለሻው ስለጠፋው ተማሪ ሲወራ ያልሰማ ማን አለ? ፈረንጆቹ በዚህ ጊዜ ፋውስትን ያስታውሳሉ፤ ፕራቸትም ሽፋኑ ላይ «ፋውስት» የሚለውን ሰርዞ «ኤሪክ» ብሎበታል። አንቺ ፋውስትን ባታውቂው ያንን ተማሪ ታውቂዋለሽ፤ አይጎድልብሽም።

ምኞቶቹ ሁሉ እየተፈጸሙ ነው የሚከሽፉት፤ ሳቁ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ኤሪክ የዓለም ገዥ ልሁን ይላል፤ ግብር ይዞ የተሰለፈው ሕዝብ ለካ የዓለምን ገዥ አግኝቶ የደረሰበትን መከራ ሁሉ ሊያስከፍለው ሲጠብቅ ኖሯል። ከሴት ሁሉ ቆንጆዋን ልይ ይላል፤ ከተማዋ ተከብባ ዓመታት ስላለፉ ልጆች ወልዳ ጎልምሳ ያገኛታል። ለዘላለም ልኑር ሲል ደግሞ፣ ዘላለም ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ዓለም ወዳልተፈጠረበት ጊዜ ይወረወራል። እኔን ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ሲኦሉ ነው። አዲሱ የአጋንንት ንጉሥ እሳቱንና ጅራፉን አስቀርቶ፣ ነፍሳትን በመመሪያና በደንብ ያሰለቻቸዋል፤ ድንጋይ ሽቅብ ሲገፋ የሚኖረው ኩነኔኛ እንኳ የሥራ ደኅንነት ደንቡ አንድ በአንድ እስኪነበብለት ቆሞ ይሰማል። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህን ሳነብ ባለቤቴ ከጓዳ «ምን ነካህ?» እስክትል ስቄያለሁ።

ጅማሬውን ሳታውቂ መሳቅ ካሳፈረሽ፣ አለቃ ገብረ ሐናን አስቢ። የፎገራ ናበጋው ሰው በአገሩ ሁሉ ሲወራላቸው፣ ከልደታቸው የጀመረልን የለም። አንዱ የአይጧንና የመሶቡን ያወራል፣ ሌላው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር የተጣሉበትን ያመጣል፤ ማዘንጊያ ማን እንደሆኑ የሚገባሽ ስንቱን ከሰማሽ በኋላ ነው። «ቀልድ ማንበብ ሥራ መፍታት ነው» የሚል ዘመድ ቢመጣብሽም መልሱ እዚያው ነው፦ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው ዝማሜ፣ ዛሬም ሊቃውንቱ የሚቆሙበት፣ የእኚሁ ቀልደኛ እጅ አለበት።

ስታነቢ እንግዳ ስም ባጋጠመሽ ቁጥር መዝገበ ቃላት አታንሺ፤ እለፊው። አንዳንዱን ገጽ ለእኅትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ፕራቸት ሲነገር ነው የሚያምረው። በእርግጥ «ኤሪክ» ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው አይደለም። ችኩል ነው፣ ሰዎቹም ሳንጠግባቸው ይሄዳሉ። ከወደድሽው ወደ መጀመሪያው መጽሐፍ አትሮጪ፤ እሱ በጊዜው በነበሩት የምናብ ልብ ወለዶች ላይ የሚያፌዝ ስለሆነ፣ ከዘጠነኛው ይልቅ ብዙ ያነበበ ሰው ይፈልጋል። በ1987 የወጣውን «ሞርት» ፈልጊ፤ ሞት ራሱ ሥራውን የሚያለማምደው ወጣት የሚቀጥርበት ነው። የእኔን ቅጂ አንድ ጎረቤት ተውሶ እንደወሰደው ቀርቷል፤ ካገኘሽው ስትጨርሺ ላኪልኝ።