ለዓለም የሞተው ወጣት በጦርነት ጊዜ

በኢትዮጵያ የምንኩስና ሥርዓት ቆብ የሚቀበል ሰው በሕይወት ሳለ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለዓለም የሞተ ነው፤ ርስት ይገባኛል አይልም፣ ቂም አይቋጥርም፣ ደም አይመልስም። በሰላም ዘመን የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለመሆኑ ለዓለም የሞተ ሰው ዓለም ስትነድ ምን ዕዳ አለበት? በገዳም ለሸመገለው አባት መልሱ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የሚጠብቀው ሞት እንደሆነ ቅርብ ነው። ጥያቄው የሚከብደው ትናንት ቆብ ለደፋው ወይም ገና በአመክሮ ላይ ላለው ወጣት ነው።

ይህ ወጣት ማን እንደሆነ ለማወቅ የመካነ ኢየሱስን አካባቢ መመልከት ይበቃል። ከእስቴና ከስማዳ የሚነሣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ውሻ ጋር እየታገለ ወደ ጋይንት ይሻገራል፤ ድጓውን በቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን በዙር አምባ ይማራል። የሚማረውም ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ስለሆነ ዓመታት ይፈጅበታል። ብራናው ቢኖርም ዜማው ያለው በሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ መምህራን ሁሉ በአደራ ያስቀመጡት መጽሐፍ ነው። ለዓለም ሞቻለሁ ቢል እንኳ የተቀበለውን ሳያስረክብ መሞት መብቱ መሆኑ ያጠራጥራል።

የጎንደር ምድር በጦርነት መካከል የተገኘ የገዳም ልጅ ታሪክ አያጣም። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ፣ መነኩሴ ባይሆንም በልጅነቱ በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ይማር ነበር። በዘመነ መሳፍንት ጦርነት ገዳሙ ሲወረርና ሕፃናቱ ሲጨፈጨፉ እርሱ አምልጦ እንደተረፈ ይነገራል። ያ ልጅ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘረፈ፣ አቃጠለም። አንዱ ሌላውን ወለደው ብሎ መፍረድ የችኮላ ሥራ ይሆናል፤ ሆኖም ከሚነድ ገዳም የተረፈ ሁሉ ዜማውን ብቻ ይዞ እንደማይወጣ ያሳያል።

መሣሪያ ስለ ማንሣት ሥርዓቱ የሚለው የታወቀ ነው፤ ደም ያፈሰሰ ካህን ክህነቱ ይፈርሳል። በ1888 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ ከታቦቱ ጋር ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ሥራቸው መጸለይ፣ ማናዘዝና የወደቀውን መቅበር ነበር። ይሁን እንጂ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱ በፋሽስት ኢጣልያ ስትያዝ ጦር ሠራዊቱ ተበትኖ ነበርና መነኩሴው ከሰልፉ ኋላ የሚቆምበት ቦታ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ያነሣው መነኩሴ ክህነቱን እንደሚያጣ ዐውቆ ካነሣ፣ ዋጋውን ራሱ ከፍሏልና በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው እየገደለ ቅዳሴ ልግባ የሚለው ነው። ከእርሱም ይልቅ ደግሞ ጎረቤቱ ሲታረድ እያየ «እኔ ሙት ነኝ» ብሎ ፊቱን የሚያዞረው። የምንኩስና ሞት ለገዛ ጥቅም መሞት እንጂ ለሰው ሥቃይ መደንዘዝ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ ጠመንጃ አልያዙም፤ አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ።

ወጣቱ መነኩሴ ግን ምርጫ የሚባል ነገር ያላገኘበት ቀንም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ደብረ ሊባኖስ ተጠረጠረ። በግንቦት ወር ጄኔራል ማሌቲ መነኮሳቱን ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲገድል ትእዛዝ በቴሌግራም ደረሰው። ጊዜው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ግንቦት 12 ቀን ስለነበረ ገዳሙ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። በማግሥቱ በላጋ ወልዴ ሸለቆ 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች እንደተገደሉ ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም አስታወቀ። ዲያቆናቱ ለጊዜው ተለይተው ተቀመጡ። በግንቦት 18 ቀን ግን 129ኙ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በእንጌጫ ተረሸኑ። ኢያን ካምቤል የተባለው የታሪክ ተመራማሪ ነገሩን ከመረመረ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ፣ እስከ 2,000 የሚደርስ አድርጎ ገምቷል።

በላጋ ወልዴ የወደቁትን የሚፈታ ካህን ከየት ይምጣ? ፍትሐት የሚያደርሱት ራሳቸው ተገዳዮቹ ነበሩ። ሆኖም ለመነኮሳቱ በመነኮሱባት ቀን አንድ ጊዜ ተደግሞላቸዋል፤ ገዳዩ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ለእንጌጫ ዲያቆናት ግን ይህም አልነበረም። እነርሱ ለዓለም አልሞቱም፤ ገና ይመርጡ ነበር። ከመካከላቸው ማን ቆብ ይደፋ፣ ማን አግብቶ ቄስ ይሆን፣ ማን ደበሎውን ጥሎ እርሻ ይገባ እንደነበር የሚያውቅ የለም። መነኩሴውን መግደል ያለቀ ስእለትን በደም ማተም ነው ቢባል፣ ዲያቆኑን መግደል ጥያቄውን ሳይመልስ መንጠቅ ነው።

በግራዚያኒ መልእክት 30 ልጆች ብቻ በሕይወት እንደቀሩና በሸዋ ወደሚገኙ የትውልድ ቦታዎቻቸው እንደተላኩ ተጽፏል። መምህር ሞቶ ተማሪ መትረፉ ለአንዳንዱ ኅሊና እንደ ክዳት ይከብዳል፤ ከመምህሬ ጋር ለምን አልሞትኩም ያሰኛል። ነገር ግን የእነዚህ ልጆች ሕይወት የእነርሱ ብቻ አልነበረም። ገዳዩ ሠላሳውን የለቀቀው ልጆች ናቸው ብሎ ነው፤ ከመምህራኑ አፍ የተቀበሉትን ግን ይዘው ሄዱ። የሚቀጽለው ሳይቀጸል፣ የሚዘለቀው ሳይዘለቅ የቀረ ትምህርት ነበረ፤ በየመንደራቸው ደግሞ ሌላ መምህር መፈለግ ነበረባቸው።