ፈቃዱ ያልተጠየቀ ትውልድ

ናኖቴክኖሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ለረጅም ጊዜ በየፊናቸው ሲጓዙ ቆይተው ዛሬ በሕመምተኛ ደም ሥር ውስጥ ተገናኝተዋል። የመጀመሪያው ቁስን በናኖሜትር፣ ማለትም በአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ መለኪያ የሚሠራ ጥበብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ወይም ክፍሎቻቸውን ለሰው ጥቅም የሚያውል ዕውቀት ነው። ጄኒፈር ዳውድናና ኢማኑኤል ሻርፓንቲየ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁትና በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሸለሙበት ክሪስፐር የተባለው ዘዴ፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ካሉት የሰው ዲኤንኤ ውስጥ የተፈለገውን ቦታ አግኝቶ መቁረጥ አስችሏል። ይሁን እንጂ መቁረጫው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ ምንም አይፈይድም፤ ተሸክመው ከሚያስገቡት መንገዶች አንዱ መቶ ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያለው የቅባት ቅንጣት ነው።

የዚህ ቅንጣት ጉዞ ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ የሥነ ምግባር ክርክር ሳይታወቅ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። ቅንጣቱ ራሱ የሚሄድበትን አያውቅም። ደም ውስጥ እንደገባ ሰውነት ቅባትን ለማጓጓዝ የሚጠቀምበት አፖ-ኢ የተባለ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፤ ጉበትም የተለመደው ቅባት የመጣ መስሎት ተቀብሎ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል፣ በደሙ የሚጠራቀመውን አሞኒያ ማስወገድ የማይችል ሆኖ የተወለደ ጨቅላ፣ ለእርሱ ብቻ ተብሎ በስድስት ወር ውስጥ በተሠራ የዘረመል (የጂን) ማረሚያ የታከመው በዚሁ መንገድ ነበር። እርማቱ የታለመው ለጉበት ሕዋሳት ስለሆነ፣ ልጁ አድጎ ቢወልድ ልጆቹ ይወርሱታል ተብሎ አይታሰብም። እንዲህ ያለው የአካልን ሕዋስ ብቻ የሚነካ ሕክምና «ሶማቲክ» ሲባል፣ የወንድና የሴት የዘር ሕዋሳትን ወይም ገና የተፀነሰውን ጽንስ የሚነካውና ስለዚህም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው «ጀርምላይን» ይባላል። የሥነ ምግባር ሊቃውንት በሁለቱ መካከል ከፍ ያለ ግንብ ገንብተዋል፤ የግንቡ መሠረት ግን፣ ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ አንዲት ቅንጣት ወደ ጉበት መሄዷና ወደ ዘር ሕዋስ አለመሄዷ ነው።

የሃይማኖት ሰዎች ይህን ሲሰሙ አስቀድመው የሚያነሡት ሰው በፈጣሪ ሥራ እጁን ማስገባቱ ድፍረት አይሆንም ወይ የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ሊከበር የሚገባው ቢሆንም አዲስ አይደለም፤ መልሱም በአብዛኛው ቀድሞ ተሰጥቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረው አንድ እግዚአብሔር መሆኑ ነው። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ባስልዮስ ዘቂሳርያ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ሕክምናን የፈጣሪ ስጦታ አድርጎ ከመቀበሉም በላይ፣ በከተማው ዳርቻ ለድሆችና ለሕሙማን መጠጊያ የሚሆን ትልቅ ተቋም አሠርቷል። የእስልምና ሊቃውንትም በአንድ በኩል የአላህን ፍጥረት መለወጥ የተከለከለ መሆኑን፣ በሌላ በኩል መታከም የተፈቀደ መሆኑን እያስተማሩ፣ በሁለቱ መካከል የሚነሣውን ክርክር «ደሩራ» (የግድ የሚል ችግር) እና «መስለሓ» (የጋራ ጥቅም) በተባሉት መርሖች ይመዝናሉ። የኤችአይቪ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል በሚጎርፉበትና አንዳንዶቹም መድኃኒታቸውን በሚያቋርጡበት ጊዜ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ ማስተማራቸው የዚሁ ረጅም ትውፊት ተከታይ ነበር። ስለዚህ «ፈጣሪን መዳፈር ነው» ማለት ብቻውን ነገሩን አይቋጨውም፤ እንዲያውም ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበትን ሌላ ጥያቄ ይጋርዳል።

ያ ጥያቄ የፈቃድ ጥያቄ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሕመምተኛ ጉዳቱንና ጥቅሙን ሰምቶ ለራሱ ይፈቅዳል፤ ለሕፃን ደግሞ ወላጆቹ ይፈቅዱለታል። ገና ላልተፀነሱት የልጅ ልጆች ግን ማን ይፈቅድላቸዋል? ሄ ጂያንኩይ የተባለው ቻይናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በጽንስነታቸው ዘረመላቸው የተነካ መንትያ ሴት ልጆች መወለዳቸውን ሲያስታውቅ ዓለም የደነገጠው በዚህ ምክንያት ነበር። የተነካው ሲሲአር5 የተባለው ዘረመል ነው፤ የኤችአይቪ ቫይረስ ወደ ደም ሕዋስ የሚገባበትን በር የሚሠራው እርሱ በመሆኑ፣ ተመራማሪው በሩን ዘግቶ ልጆቹን ከቫይረሱ ሊጠብቃቸው አሰበ። አባትየው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሲሆን እናትየው ነፃ ነበሩ፤ እንዲህ ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ የወንዱን ዘር ከቫይረሱ አጥቦ መጠቀም የሚያስችል የታወቀ ዘዴ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነበረ። የተገኘው ለውጥም በተፈጥሮ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ዓይነት አልነበረም፤ በዚያ ላይ ይህ ዘረመል የማይሠራላቸው ሰዎች በዌስት ናይል ቫይረስ ሲያዙ ሕመሙ ሊጸናባቸው እንደሚችል ይታወቅ ነበር። ወላጆቹ ፈርመዋል፤ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ተመራማሪውን በሦስት ዓመት እስራትና በሦስት ሚሊዮን ዩዋን ቀጥቷል። የልጆቹንና የዘራቸውን ፈቃድ ጉድለት ግን ፊርማውም ፍርዱም አይሞሉትም።

እዚህ ላይ በቀላሉ የማይመለስ ተቃውሞ ይነሣል። ወላጆች ለልጆቻቸው ሳይጠይቁ የማይወስኑት ነገር ምን አለ? በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የሕፃናቱን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፤ ስሙ፣ ቋንቋው፣ አገሩም ቢሆን ተሰጥቶ የሚገኝ እንጂ ተመርጦ የሚያዝ አይደለም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሃበርማስ የሰውን ተፈጥሮ ዕጣ በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ሥራ ለዚህ የሰጠው መልስ፣ አስተዳደግ በቃል የሚከናወን በመሆኑ ልጅ ሲያድግ ሊቃወመውና ሊያርመው ይችላል፣ በዘረመል ላይ የተጻፈ የሌላ ሰው ምርጫ ግን መልስ የማይሰጡት ንግግር ነው የሚል ነው። በእርሱ ዐይን ልጁ ከወላጁ እኩል የሆነ ሰው መሆኑ ቀርቶ የወላጁ ሥራ ይሆናል ማለት ነው። መልሱ ጠንካራ ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ ምክንያቱም የተወረሰ በሽታም ቢሆን መልስ የማይሰጡት ንግግር ነው። ሊታረም የሚችለውን ሥቃይ ዝም ብሎ ማሳለፍም ከውሳኔ ይቆጠራል፣ ይህም ውሳኔ ያለ ልጁ ፈቃድ የተወሰነ ነው።

ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ክርክሩን ከሐሳብ ወደ ሥጋ ያወርደዋል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከሚሠራው ዘረመል አንዲት ፊደል ስትለወጥ ቀይ የደም ሕዋስ ማጭድ መሰል ሆኖ ይቆለመማል፤ ለውጡን ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ልጅ ቀጭን የደም ሥሮቹ በተዘጉ ቁጥር በጽኑ ሕመም ይያዛል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን ከከባድ ወባ የተሻለ ጥበቃ እንደሚያገኝ ሐኪሙ አንቶኒ አሊሰን በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1954 አሳይቷል። እንግዲህ ያው ፊደል በአንዱ ልጅ ደዌ፣ በወንድሙ ጋሻ ነው፤ የወባ ትንኝ በሌለበት ከተማ ተቀምጦ ከሰው ዘር ጠቅልሎ ይጥፋ ብሎ የሚወስን ሰው ለቆላው ነዋሪ ያልጠየቀውን ፍርድ ይፈርድለታል።

ብሪታንያና አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የፈቀዱት ካስጌቪ የተባለው ሕክምና ከሁለቱም ወገን ክርክር የተሻለውን መንገድ ይዟል። ከሕመምተኛው መቅኒ የሚመነጩት ግንደ ሕዋሳት ወጥተው ከሰውነት ውጭ በክሪስፐር ከታረሙ በኋላ ይመለሱለታል፤ ሰውየው ይድናል፣ ዘሩ አይነካም። ነገር ግን የታረሙት ሕዋሳት ከመመለሳቸው በፊት የቀድሞውን መቅኒ ለማጥፋት የሚሰጠው ኃይለኛ የኬሞቴራፒ መድኃኒት መካንነትን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ዘርን እንዳይነካ የተጠነቀቀ ሕክምና ዘርን ሊያስቀር የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ዋጋው በአሜሪካ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የበሽታው ሸክም የከፋው ግን ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ስለ ፍትሕ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

የፈቃድ ጥያቄ ከሰው አካል ውጭም አለ። ኢትዮጵያዊው የአካባቢ ሳይንስ ሊቅ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የታዳጊ አገሮችን ቡድን እየመሩ የተደራደሩበትና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 የጸደቀው የካርታሄና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል፣ ዘረመሉ የተለወጠ ሕያው ነገር ወደ አንድ አገር ለአካባቢ ለመለቀቅ ከመግባቱ በፊት ያ አገር አውቆ እንዲስማማ ያስገድዳል። መርሁ ለድሃ አገር ትልቅ ጋሻ ነው፤ ይሁንና ድንበር የሚያውቅ ነገርን ታሳቢ ያደረገ ነው። «ጂን ድራይቭ» የተባለው ዘዴ ግን፣ በተለመደው ውርስ ለግማሹ ልጅ ብቻ ይደርስ የነበረውን ዘረመል ለሁሉም ማለት ይቻላል እንዲተላለፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ወባ አስተላላፊ ትንኞችን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊያመነምን ወይም ሊለውጥ ይችላል። ታርጌት ማላሪያ የተባለው የምርምር ጥምረት ለዚህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በቡርኪና ፋሶ ባና መንደር፣ ጂን ድራይቭ የሌለባቸውን መካን ወንድ ትንኞች የለቀቀው የመንደሩን ሰው አነጋግሮና ፈቃዱን አግኝቶ ነበር፤ የአገሪቱ መንግሥት ግን በኦገስት 2025 ሥራውን አስቆመው። አንድ መንደር ለራሱ ሊፈቅድ ይችላል፤ ትንኝ የሚደርስበት ሁሉ ሊፈቅድ አይችልም። በሌላ በኩል በወባ ልጁን የሚቀብር አባት መዘግየቱን ማን ፈቀደልኝ ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም፤ ጥንቃቄን የሚሰብኩ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይሰሙ እንዲያልፉ ሊፈቀድላቸው አይገባም።

የሰው ዘረመል እርማትን የሚመለከተው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ለንደን ተሰብስቦ ለትውልድ የሚተላለፍ እርማት ለጊዜው ተቀባይነት እንደሌለው አስታውቋል። «ለጊዜው» የሚለው ቃል የደኅንነቱ ማረጋገጫ ሲገኝ በሩ ሊከፈት እንደሚችል ያመለክታል፤ ነገር ግን ደኅንነትን ቤተ ሙከራ ሊያረጋግጥ ይችል ይሆናል እንጂ ፈቃድን ከማይናገሩት ሊቀበል አይችልም። የወራሹ ፈቃድ እንደ ተገኘ ሊቆጠር የሚችለው፣ በሽታው ያለ ጥርጥር የሚያሠቃይ ሲሆን፣ ከዘር በታች በአካል ብቻ የሚፈወስበት ወይም ሌላ የሚያድን መንገድ ሲጠፋ፣ እርማቱም አብዛኛው ሰው ያለውን ጤና ከመመለስ ሳያልፍ ሲቀር ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ሁሉ፣ ቁመትም ይሁን አእምሮ ወይም መልክ፣ ያልተወለደውን የሌላ ሰው ምርጫ ማድረግ ስለሆነ ሊፈቀድ አይገባም፤ የማስረዳት ሸክሙም በሚከለክለው ላይ ሳይሆን በሚለውጠው ላይ ነው።