ልደት ያልመጣበት ቤት

ለበዓለ ልደት ዝግጅት የቀረበ ስብከት (ሉቃ. 2፥1-20)



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በስብከተ ገና ሳምንታት ውስጥ፣ ከወላይታ ሶዶ ከተማ ወጣ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ምእመናንን በየቤታቸው እየዞርኩ እጎበኝ ነበር። ከገባሁባቸው ቤቶች በአንደኛው፣ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። ላጫውታት ብዬ፣ «ልደት መቼ ነው?» ስል ጠየቅኋት። ልጅቱም ጥቂት አሰበችና፣ «አባቴ ብር ሲያገኝ ነው። አምና ስላላገኘ ልደት አልመጣም» አለችኝ። እናቷ ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። እኔም የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ወደ ቁምስናዬ ስመለስ በመንገድ ላይ ያችን መልስ ደጋግሜ አሰላሰልኳት። «አልመጣም» ባለችው በዚያ በዓል፣ በቀበሌው ጸሎት ቤት መሥዋዕተ ቅዳሴ ያሳረግሁት እኔ ራሴ ነበርኩ። ልጅቱም ከእናቷ ጋር በዚያ ሳትኖር አትቀርም። በዕለቱ ለአዋቂዎች ረዘም ያለ ትምህርት መስጠቴን አስታውሳለሁ፤ ለሕፃናት የሚሆን አንዲት ዐረፍተ ነገር ስለ መናገሬ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ አስቀድሞ የእኔ ነውና።

ያች ልጅ ያንን ትምህርት ከማን አገኘችው? አባቷ «ልደት የሚመጣው በብር ነው» ብሎ ያስተማራት አይመስለኝም። ሕፃን ግን ከሚሰማው ይልቅ ከሚያየው ይማራል። አንድ ዓመት ሥጋ ታርዶ፣ አዲስ ልብስ ተገዝቶ፣ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ አይታለች፤ ያ ቀን «ልደት» ተባለላት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አባቷ በዝምታ ተክዞ፣ እናቷ ጎረቤት እንዳይገባ በሩን ገርበብ አድርጋ ስትውል አየች፤ በዚያ ቀን ግን ስለ ልደት የነገራት የለም። እንግዲህ ልጅቱ የደረሰችበት መደምደሚያ ካየችው ነገር የወጣ ነው።

ወንጌሉ የሚነግረን ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ዮሴፍና ማርያም ለሕዝብ ቆጠራ ወደ ቤተ ልሔም በወጡ ጊዜ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኙም። እናቱ የበኵር ልጅዋን በመጠቅለያ ጠቅልላ በግርግም አስተኛችው (ሉቃ. 2፥7)። ሕፃኑ ወደ ቤተ መቅደስ በቀረበ ጊዜም ያቀረቡት መሥዋዕት የወፎች ጥንድ ነበር (ሉቃ. 2፥24)። ይህም በሙሴ ሕግ ጠቦት ለመግዛት ዐቅም ላነሣት እናት የተፈቀደው የድኾች መሥዋዕት ነው (ዘሌ. 12፥8)። ስለሆነም ልደት ብር ወዳለበት ቤት ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ዮሴፍ ቤትም ባልመጣ ነበር። የመጀመሪያው ልደት የተከበረው ለበዓሉ የሚሆን ገንዘብ ባልነበረው አባት ዘንድ ነው። ይህን እውነት ለልጁ ሳይነግር የሚቀር ድኻ አባት ከሁሉ የሚበልጠውን ሀብቱን ደብቆ እንደሚኖር ሰው ነው።

ይህን ስል ግን በዓልን በምግብና በደስታ ማክበር ኃጢአት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ቃል ሥጋ ሆነ ብለን የምናምን ክርስቲያኖች፣ የሥጋን ደስታ የምንንቅበት ምክንያት የለንም። እኛ ወላይታዎችም ስለ በዓል ዝግጅት ሌላ አስተማሪ አያሻንም። ለጊፋታ ወንዶች የበሬውን መግዣ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ሲያዋጡ፣ እናቶች ለቅቤው ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅሙ፣ ወጣቶችም እንጨቱን ሲያዘጋጁ አድገናል። በመስከረም ለሚበላው ያለፈው መስከረም ሳያበቃ ማሰብ እንጀምራለን። ለሆድ ዓመት ሙሉ የሚዘጋጅ ሕዝብ፣ ለልጆቹ እምነት አራት ሳምንት መዘጋጀት ያቅተዋልን? አያቅተውም። ብቻ ማኅበራችን የበሬውን መዋጮ እንደሚጠይቀን፣ የልጆቻችንን እምነት ጉዳይ የሚጠይቀን ሰው በመካከላችን ስለሌለ ቸል እንላለን።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ፣ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሲገልጽ፣ ለልጆች የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። ካህኑ ወደ አንድ የገጠር ጸሎት ቤት የሚደርሰው አንዳንዴ በወር አንድ ጊዜ ነው፤ አባትና እናት ግን በየማታው ከልጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

ለዚህ የቤት ስብከት የሚረዳን አንድ ጥንታዊ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1223 ዓ.ም. ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በኢጣልያ ግሬቾ በተባለች መንደር የልደትን በዓል ሊያከብር ወደደ። ከበዓሉ አሥራ አምስት ቀን ያህል አስቀድሞም አንድ ወዳጁ ግርግምና ድርቆሽ፣ በሬና አህያ እንዲያዘጋጅለት ለመነው። ሕፃኑ ኢየሱስ የደረሰበትን ችግር በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነበርና። በዚያች ሌሊት የመንደሩ ሰዎች ችቦ ይዘው መጡ፤ በግርግሙም ላይ መሥዋዕተ ቅዳሴ ዐረገ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2019 መጀመሪያ በዚያችው በግሬቾ ሆነው በፈረሙት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ቤተሰቦች ይህን ልማድ እንዲጠብቁ አበረታተዋል። በሀገረ ስብከታችን ወንጌልን ያስተማሩን የካፑቺን አባቶችም የዚሁ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ስለሆኑ፣ ነገሩ ለእኛ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም።

እንዲያውም የወላይታ ሕፃን ግርግምን ከብዙ የዓለም ሕፃናት በተሻለ ያውቀዋል። የአውሮፓ ከተማ ልጅ ግርግም ምን እንደሆነ በሥዕል ይማር ይሆናል። የእኛ የገጠር ልጅ ግን ላሟ በዚያው ጎጆ በአንድ ወገን ታስራ ስታድር፣ ትንፋሿን እየሰማ ይተኛል። «ጌታ ኢየሱስ የተኛው፣ ላማችን ሣሯን በምትበላበት ዓይነት ስፍራ ነው» ብትሉት፣ ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ዓይኑን አፍጥጦ ያያችኋል።

እንግዲህ በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንዲፈጽም በአባትነት እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በስብከተ ገና የመጀመሪያ እሑድ በቤታችሁ አንድ ጥግ ባዶ ግርግም አዘጋጁ። ገንዘብ አያስፈልገውም፤ የተሰበረ ቅርጫትም ቢሆን ይበቃል። ልጆች ከጭቃ በሬና በግ መሥራት ማን ያስተምራቸዋል? እነርሱው ይሥሩት። ከዚያም በየማታው ልጁ በዕለቱ አንድ መልካም ሥራ ሠርቶ እንደሆነ፣ ማለትም ለአያቱ ውኃ ቀድቶ ወይም የመታውን ወንድሙን ይቅር ብሎ እንደሆነ፣ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል በግርግሙ ያኑር። ወላጆችም እንዲሁ ያኑሩ። አባቱ እናቱን ይቅርታ ጠይቆ ድርቆሽ ሲያኖር ያየ ልጅ፣ ያንን ማታ እስከ ሽምግልናው አይረሳውም። የሕፃኑ ምስል በግርግሙ የሚገባው በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ይሁን።

ሁለተኛ፣ በበዓሉ ቀን ከቢላዋው በፊት ቃሉ ይቅደም። ሥጋው ሳይቆረጥ፣ አባት ወይም እናት የሉቃስን ወንጌል ሁለተኛ ምዕራፍ ከቁጥር 1 እስከ 20 ያንብቡ። ልጆች በሚገባቸው በወላይትኛ ቢነበብ ይመረጣል። ማንበብ የማይችል ወላጅ ተማሪ ልጁን ያስነብብ፤ ይህ ውርደት ሳይሆን ክብር ነው። ንባቡ ከደቂቃዎች አያልፍም። ልጁ ግን ሥጋው ስለ ማን ክብር እንደ ታረደ በዚያች ሰዓት ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ማዕዳችሁ ለአንድ ተጨማሪ ሰው ይዘርጋ። የልደትን ወሬ አስቀድመው የሰሙት በሜዳ ያድሩ የነበሩ እረኞች ናቸው። በመካከላችን በሸክላ ሠሪነታቸው ወይም በቆዳ ፋቂነታቸው ሲናቁ፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ሲደረጉ የኖሩ ወገኖች አሉ። ማሰሮአቸውን ገዝተን፣ እነርሱን ግን ከደጅ የመለስን ስንት ነን? ልጃችሁ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከጎኑ አስቀምጦ ከአንድ ገበታ ሲበላ፣ የእረኞቹ ታሪክ የእናንተ ቤት ታሪክ ይሆናል። በአንጻሩ በቃል «ሁላችን ወንድማማች ነን» ብላችሁ በተግባር ብትለዩአቸው፣ ልጁ ተግባራችሁን ይወርሳል።

አራተኛ፣ የራቁ ልጆቻችሁን አስቡ። ከወላይታ ቤቶች ብዙ ታዳጊዎች ጫማ ለመጥረግና የቀን ሥራ ለመሥራት ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች መሄዳቸው የታወቀ ነው። በልደት ሌሊት በቤታችሁ ስትጸልዩ የቀረውን ልጅ በስሙ ጥሩት። ታናናሾቹ ወንድሙ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተረሳ ይስሙ። ስልክ ከተገኘም «ምን ላክህልን?» ከማለት በፊት «በልተሃል? ቅዳሴ ሄደሃል?» በሉት።

ከዚህ በላይ አንዳንድ ወላጆች በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ ስለሚታየው ባለ ቀይ ልብስ የገና አባትና ስለሚያብረቀርቀው ዛፍ ይጠይቁኛል። ልጆቻችን ታኅሣሥ 16 ገደማ የሌላውን ዓለም ገና በመስኮት አይተው፣ ታኅሣሥ 29 የራሳቸውን ያከብራሉ። ዛፉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የገና አባት የሚባለውም ታሪክ መነሻው ለድኾች ቸር ነበሩ ከሚባሉት ከጳጳሱ ከቅዱስ ኒቆላዎስ ነው። ልጁ ቢጠይቃችሁ ይህንኑ ንገሩት። የምመክረው፣ ለዛፉ ጌጥ ብር አውጥታችሁ ግርግሙን ረስታችሁ እንዳትገኙ ብቻ ነው። ዘመዶቻችሁና አማቾቻችሁ ኦርቶዶክሶች ወይም የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባላት ሲሆኑም፣ በዚያ ቀን በልጆች ፊት ክርክር አታንሡ። የአንዱን ጌታ ልደት በአንድ ቀን ማክበር የሰጠንን ሰላም አክብሩ።

በመጨረሻ ወደዚያች ልጅ እመለሳለሁ። በዚያ ዓመት በልደት ቅዳሴ ስብከቴን ከሕፃናቱ ጀመርኩ። ወደ ግርግሙ አስጠግቼ ሕፃኑ የተወለደው በማን ቤት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እርሷ ዝም አለች፤ ሌሎቹም አመነቱ። «ብር ባልነበረው ሰው ቤት ነው» አልኳቸው። ከቅዳሴ በኋላ አባቷ ሊሰናበተኝ መጣ። «አባ፣ ዘንድሮም አላገኘሁም። ግን ዛሬ ማታ እናነባለን» አለኝ። ከዚህ የሚበልጥ የበዓል ስጦታ በዚያ ቀን አልተቀበልኩም።

ወላጆች ሆይ፣ ያጣችሁ እንደሆነ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ፣ ኀፍረት ሳይዛችሁ፣ «ዛሬ ሥጋ የለንም፤ ጌታችን ግን መጥቷል፤ እርሱም እንደ እኛ በድኻ ቤት ነው የተወለደው» በሉት። ያገኛችሁ እንደሆነ ደግሞ ጎረቤታችሁ ይህን ቃል ከባዶ ገበታ ጋር ብቻውን እንዳይናገር አካፍሉት።

በቤተ ልሔም ግርግም የተኛው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በእያንዳንዱ ቤታችሁ ስፍራ ያግኝ። እናቱ ቅድስት ድንግል ማርያምና ቅዱስ ዮሴፍ ልጆቻችሁን ይጠብቁላችሁ። አሜን።