«ላይክ» ያደረገ ሁሉ ጠይቋል ወይ?



በዚህ ዘመን አንድ ወጣት አንዲትን እህት ሲወድ እንዴት ያሳውቃታል? ብዙ ጊዜ አያሳውቃትም፤ ምልክት ይሰጣታል። ከሦስት ዓመት በፊት የለጠፈችውን ፎቶ ፈልጎ ላይክ ያደርጋል። ስቶሪ በለጠፈች በደቂቃ ውስጥ ያያል። እኩለ ሌሊት ላይ የእሳት ወይም የልብ ኢሞጂ ይልካል። «ሐሳብህ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀው ግን «ኧረ ምንም፣ ዝም ብዬ ነው» ማለት ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህች የመጨረሻዋ መልስ ናት።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሥራ ብዙ ትርጉም ሊሰጠው የሚችል ምልክት ለተቀባዩ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ላይክ ለማድረግ አንድ ጣት ይበቃል፤ ያው ወጣት በዚያው ምሽት ለአሥር ሰው ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ትርጉሙን የመፈለጉ ድካም በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል። ከጓደኞቿ ጋር ትመረምረዋለች፣ ትጠብቃለች፤ ምናልባትም በግልጽ የጠየቃትን ሌላ ሰው «ትንሽ ቆይ» ትለዋለች። እሱ ግን ምንም አልከፈለም።

መተግበሪያዎቹም ለዚህ የተመቹ ናቸው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ስቶሪ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ ለስቶሪው የሚላከው ምላሽ ደግሞ በቀጥታ ወደ ግል መልእክት ይገባል። ብዙ ሰው ካየው ፎቶ ተነስቶ ሁለት ሰዎች ብቻ ወዳሉበት ክፍል ለመግባት አንድ ኢሞጂ በቂ ነው። «ልግባ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ታዲያ በተዘዋዋሪ መናገር በራሱ ጥፋት ነው? አይደለም። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 235 አላህ ባሏ ሞቶባት ዒዳ ላይ ላለች ሴት የጋብቻን ሐሳብ በተዘዋዋሪ ማመላከትን ፈቅዷል፤ በምስጢር ቃል መገባባትን ግን ከልክሏል። እዚያው ላይም በልባችን ያለውን እንደሚያውቅ ያስታውሰናል። ያ ሰው ፍንጭ የሚሰጠው ልቡ ቆርጦ ጊዜውን እየጠበቀ ነው። የዛሬው ምልክት ግን ብዙ ጊዜ የሚላከው ላለመቁረጥ ነው።

ወጣቶች ይህን ስነግራቸው «በግልጽ ጠይቄ እምቢ ብትለኝስ? ኮሚዩኒቲው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይሰማል» ይሉኛል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ወላጆቻችንም ያውቁት ነበር። ሽማግሌ የሚላከው አንድም ለዚህ ነው። እምቢታው በሽማግሌው አንደበት ለስልሶ ይመለሳል፤ ሁለቱ ወጣቶች በማግሥቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታቸው አይቋረጥም። በሲራ መጻሕፍት እንደሚዘገበው እናታችን ኸዲጃም (ረ.ዐ.) የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳብ ለማወቅ ነፊሳን ልካለች። አማላጅም ኢሞጂም ከኀፍረት ይከልላሉ። አማላጁ ግን ሁለቱንም ይከልላል። ኢሞጂው የላኪውን ፊት ብቻ ሸፍኖ እሷን «መቼ ጠየቀሽና?» እየተባለች እንድትሳቅባት ሜዳ ላይ ይተዋታል።

ግልጽነት ሐያእን ያጠፋል ብለን ማሰብም የለብንም። በሱረቱል ቀሰስ ወደ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የመጣችው ልጅ በሐያእ ነበር የተራመደችው። አባቷም ሊድርለት ሲፈልግ ነገሩን አላድበሰበሰም፤ 8 ዓመት እንዲያገለግለው፣ 10 ቢሞላ ግን በራሱ ፈቃድ እንደሚሆን ቁጥሩን ጠርቶ ነገረው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከመላክህ በፊት ራስህን ፈትን። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ «ምን ማለትህ ነው?» ቢልህ የምትሰጠው መልስ አለህ? ካለህ እሱኑ ጻፈው፦ «ሐሳቤ ኒካሕ ነው። ፈቃድሽ ከሆነ ከቤተሰብሽ ማንን ላነጋግር?» እምቢ ካለችህ አክብረህ ተመለስ፤ ላይኩም አብሮ ይቁም። መልስ ከሌለህ ደግሞ ጣትህን ሰብስብ።

እህቴ፣ «ሐሳብህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። «ዝም ብዬ ነው» ካለሽ ቃሉን እመኚው፤ ከጀርባው ሌላ ትርጉም ፍለጋ ዕድሜሽን አታባክኚ።

ወላሁ አዕለም።