ሁለት ቮልት

አንድ አባት ሲያርፉ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው የተዉት ብዙ ሀብት አልነበረም። ሳሎን ውስጥ አንድ ጥንድ ስፒከርና ለእያንዳንዱ ስፒከር 30 ዋት የሚሰጥ አሮጌ አምፕሊፋየር ቀረ። ታላቅየው ስፒከሮቹን ወሰደ። «30 ዋት ምን ያደርግልኛል? በቁልፉ ዙሪያ ካሉት ቁጥሮች አንዱ እንኳ ተፍቆ ጠፍቷል» ብሎ አምፕሊፋየሩን ለታናሹ ተወለት። ታናሹም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ አልጋው ስር አስቀመጠው።

ታላቅየው ፊቱ ላይ በሚያብረቀርቅ ፊደል «1500 ዋት» የተባለበት አዲስ አምፕሊፋየር ገዛ። በአንድ እጅ የሚነሳ ነበር፤ ቅለቱ አላሳሰበውም።

የእንቁጣጣሽ ለት ቤቱ በጎረቤት ሞላ። እናት ባለቤታቸው ይወዱት የነበረውን ዘፈን ጠየቁ። ታላቅየው ሰፈሩ ሁሉ ይስማ ብሎ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። መሰንቆው እንደሚፋቅ ቆርቆሮ ሻከረ። ጥቂት ቆይቶ ጥራቱ ሁሉ ጠፋና ዘፈኑ ብርድ ልብስ የተጫነበት መሰለ። እናት አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ስፒከሩን ተሸክሞ፣ አምፕሊፋየሩን አንጠልጥሎ፣ አባቱ ደንበኛቸው ወደነበሩ ሽማግሌ ቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትዊተር ፈተው በውስጡ የተጠመጠመውን ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ አሳዩት፤ ጠቁሮ ተበጥሷል።

«ጋሼ፣ ጉልበቱ በዝቶበት ነው አይደል?»

«አንሶበት ነው እንጂ ልጄ።» አምፕሊፋየሩን አዙረው የጀርባውን ጽሑፍ አስነበቡት፤ ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው። «60 እንጀራ ጋግሮ 1500 ሰው እንደ መጥራት ነው። ጉልበቱ ሲያልቅበት የድምፁን ሞገድ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ከቁርጡ የሚወጣው ሻካራ ድምፅ ወደዚህች ቀጭን ሽቦ ይጎርፋል። ያቃጠላት እሱ ነው።»

«ፊት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዋቱ የእውነት አስር እጥፍ ቢጨምር እንኳ ለጆሯችን የሚሰማው ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነውና» አሉ ቀጥለው።

«የአባትህስ የት ገባ?» አሉ ሽማግሌው።

ታናሹ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይዞት መጣ። ትዊተሩ ተቀየረና ሽማግሌው አብረዋቸው ወደ ሳሎኑ ሄዱ። እናት ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጡና «በቃ፣ እንዲህ ይሁን» እስኪሉ ድረስ ድምፁ ከፍ ተደረገ። ሽማግሌው የቴስተራቸውን ሁለት ጫፎች በአንዱ ስፒከር መግቢያ ላይ አሳረፉ። መርፌው 2 ቮልት አካባቢ ቆመ።

«ስፒከሩ 8 ኦም ነው። 2 በ2 ሲባዛ 4፤ ለ8 ሲካፈል ግማሽ። እናትህ የሚሰሙት በግማሽ ዋት ነው።»

ታላቅየው ሁለቴ አስደገማቸው። «ታዲያ ሌላው 29 ዋት ተኩል ለምን አስፈለገ?»

«ከበሮው እስኪገባ ጠብቅ።»

ከበሮው ገባ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ዘለለ፤ መርፌው ግን ነቅነቅ ብቻ አለ። «አየህ፣ መርፌ አይደርስበትም። ለዚያች ቅጽበት ግማሽ ዋት የነበረው 20፣ 30 ዋት ይሆናል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። አባትህ የገዙት ለዚያች ቅጽበት ነው። ሳሎኑ አዳራሽ ቢያክል፣ ወይም ስፒከሩ በትንሽ ዋት የማይጮህ ዓይነት ቢሆን፣ 100 ዋትም ግዛ እልህ ነበር። ለዚህ ቤት ግን አስበውበታል።»

እናት በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ከከበሮው ጋር ይመታሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቁ። «አሁን ግን ትንሽ ቀንሰው ልጄ» አሉ።

ታላቅየው ከታናሹ ቀድሞ ተነሳ። ቁልፉን ቀስ እያለ ወደ ኋላ መለሰው። ቁጥሩ የተፋቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ እናት እጃቸውን አነሱ።

«እዚያው ተወው።»