ድኽነትን ማስመስከር

በዶርምም በሻይ ቤትም ስንከራከርበት ከርመን መልስ ያጣንለትን አንድ ጥያቄ እስቲ ላንሳ። መብት የሆነ ነገር ምስክር ይጠየቅበታል ወይ?

በኛ ሰፈር ጠላ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት አሉ። አምና በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ለጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድኾች ስም ሲነበብ የሳቸውም ተጠራ። አዳራሹ ሙሉ ነው። የእድር ጓደኞቻቸው አሉ፣ የጠላ ደንበኞቻቸው አሉ፣ ባለፈው ብድር የከለከላቸው ባለሱቅ ሳይቀር አለ። እማማ ብድግ አሉና «ተሳስታችኋል፤ የኔን ሰርዙት» አሉ። ተሰረዘ።

ስንወጣ ተናደድኩባቸው። «እማማ፣ ምነው? መንግሥት ሊከፍልልዎ ነበር'ኮ!»

«ልጄ፣ የእድር መዋጮ አንድ ወር ጎድዬ አላውቅም። ዛሬ በቁሜ ስሜን ያንሡት?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ሕጉን ገለጥ ብናደርገው እንዲህ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ዜጎች በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መንግሥትም ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 90 ግን የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ የምትል ገደብ ትመጣለች። በሽግግሩ ዘመን የወጣው የጤና ፖሊሲም ሰው እንደ አቅሙ ይክፈል፣ ላልቻለው ድጋፍ ይደረግለት አለ። ጣጣውን ያመጣችው እንግዲህ ይህች «ላልቻለው» የምትለዋ ቃል ናት። አለመቻሉን ማን ይመስክር? ጎረቤት። ማን ይፈርም? ቀበሌ።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛዬ «ማጣሪያ ከሌለማ ባለመኪናው የድኻውን መድኃኒት ይወስድበታል» ይለኛል። እውነቱን ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እናውላለን ቢሉም አብዛኞቹ እዚያ ሳይደርሱ ቀርተዋል። ከትንሽ ገንዘብ ላይ ደግሞ ያለ ማጣሪያ ማደል የባሰ ግፍ ሊሆን ይችላል። እኔ የማልስማማው ማጣራትንና ማዋረድን አንድ ሲያደርጋቸው ነው። ጥሩ የእድር ዳኛ እኮ ያጣውን ሰው ያውቀዋል፤ በዝምታ ያልፈዋል እንጂ መዝገብ ዘርግቶ በሕዝብ ፊት አያነበውም። ያ ሰው ሲሞትም ድንኳኑ እንደማንም ይተከልለታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደዚህ የእድር መንፈስ የቀረበ ይመስለኛል። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አባወራውም እማወራዋም በዓመት አንዴ ያዋጣሉ፣ ለድኻው መንግሥት ይከፍልለታል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ የከፈለውም የተከፈለለትም በአንድ በር ይገባሉ። ነገር ግን በሩ ላይ ያዳኑትን ክብር አዳራሹ ውስጥ ያስረከቡት እንደሆነስ?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንምጣ። ለደሞዝተኛውና ለጡረተኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከገበሬው የሙከራ ወረዳዎች ቀድሞ መሆኑ ነው። ቢሆንም ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ደሞዝተኛው «ከደሞዜ አትንኩብኝ» ብሎ አጉረመረመ፤ ቀኑም በተደጋጋሚ ተገፋ። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ ከፈለ። እኛ ዛሬ ስለ ሰፊው ሕዝብ በግጥም የምናነባ የነገ ደሞዝተኞች ነን፤ ያን ጊዜ ከየትኛው ወገን እንደምንቆም ከወዲሁ ብንጠይቅ አይከፋም። ድኽነቱን በአዳራሽ ያስመሰከረ ደሞዝተኛ እንደሆነ እስካሁን አላየሁም።

እማማ የአምናውን መዋጮ ከጠላው ሽያጭ ቆጥበው ራሳቸው ከፈሉ። ደብተሩን በመሐረብ ጠቅልለው አምጥተው አሳዩኝ። ፎቶው ላይ ኮስተር ብለዋል።

ዘንድሮ መዋጮው ጨምሯል ተባለ። የምዝገባው ጊዜም ሊያልቅ ነው። ባለፈው እሑድ ከፍለው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የጌሾ ዋጋ እንዴት እንደተወደደ አጫወቱኝ።