መድኑ የማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሥራውን የለቀቀ ሰው ሐኪሙንም አብሮ ሊለቅ ይችላል። ሥራና የጤና መድን ከመለማመድ ብዛት የማይነጣጠሉ መሰሉ እንጂ ያጣመራቸው የጦርነት ጊዜ አጋጣሚ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ፣ ሠራተኛ የጠፋባቸው ድርጅቶች በደመወዝ መሻማት ቢያቅታቸው በመድን ይሻሙ ጀመር። የ1954ቱ የግብር ሕግም ቀጣሪ የሚከፍለው አረቦን በሠራተኛው ላይ ግብር እንደማያስከትል በግልጽ ደነገገ፤ መድኑን ለራሱ የሚገዛ ሰው ግን በአብዛኛው ግብር ከከፈለበት ገንዘብ ላይ ያወጣ ነበር። በ2024 በቀጣሪ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ መድን በአማካይ በዓመት 25,572 ዶላር ያወጣ ነበር፤ በቀጥታ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 6,296 ዶላር ነበር። ቀሪውንም ቢሆን አብዛኞቹ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ደመወዝ ሆኖ ሊከፈል ይችል እንደነበረ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ገንዘቡ የሠራተኛው፣ ምርጫው የአለቃው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ግን ሁሉም በየግሉ ይግዛ ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። ከ2014 በፊት በአብዛኞቹ ግዛቶች ብቻውን መድን ሊገዛ የሄደ ሰው የሕመም ታሪኩ ይጠየቅ ነበር፤ ስኳር ወይም ካንሰር ያለበት ወይ ይመለስ፣ ወይ ዋጋው ይቆለልበት ነበር። ሻጩን በክፋት ብቻ መክሰስ አይቻልም። ለመግዛት የሚጣደፈው መታመሙን የሚያውቀው ነው፤ አረቦኑ ሲወደድ ጤነኛው ይወጣል፣ እሱ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። መሥሪያ ቤት ይህን ችግር ሳያስበው ፈታው፤ ሰዎች እዚያ የተሰበሰቡት ለእንጀራ እንጂ ለሕመም አይደለምና። ስለዚህ የሚመሰገነው ስብስቡ ነው፣ ቀጣሪው አይደለም። ኦባማኬር የሚባለው የ2010 ሕግ ያንኑ ስብስብ ከመሥሪያ ቤት ውጭ ለማቆም ሞከረ፤ ከ2014 ጀምሮ በቀድሞ ሕመም ሰበብ መከልከልን አስቀረ፣ ለብዙ ገዢዎችም ድጎማ አደረገ። ዋሽንግተን ውስጥ ኡበር የሚነዳ፣ በሕግ ተቀጣሪ ያልተባለ ወገናችን፣ ገቢው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ከሚሰጠው የመንግሥት መድን ከሜዲኬይድ ጣሪያ ካለፈና የባለቤቱ መሥሪያ ቤት ካላስጠለለው፣ ዋናው በሩ ይኸው ነው።

ጤነኛው ወጣት ለሌላው ሕመም ለምን ይከፍላል የሚል ተቃውሞ አለ። በመሥሪያ ቤትም እኮ የሃያ አምስት ዓመቱ ወጣት ከስልሳ ዓመቱ ባልደረባው ጋር አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይቆረጥበታል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ላይ ስለማይጻፍ ብቻ ጭቆና ያለው የለም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ትልቅ ድርጅት ተደራድሮ የተሻለ ውል ያመጣል፣ በግል የሚገዛው መድን ግን ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣውም ብዙ ነው። እውነት ነው፤ በጥሩ ድርጅት መድን ካንሰሩን የሚታከም ሰው ለፍልስፍና ብሎ ይቀይር ማለት ጭካኔ ይሆናል። ግን ይህ ስለ ስብስቡ መጠንና ስለ ድጎማው ልክ የሚነሳ ጥያቄ ነው። በ2008 የፕሬዚዳንትነት እጩው ጆን ማኬይን የቀጣሪውን የግብር ጥቅም ለቤተሰብ በሚሰጥ የ5,000 ዶላር የግብር እፎይታ ሊተኩ አስበው ነበር፤ ሻጩ ሁሉንም ገዢ እንዲቀበል ሳይገደድ ግን ያ ገንዘብ ለታመመ ሰው የተዘጋ ሱቅ ደጅ ላይ እንደመቆም ነበር። ከ2020 ወዲህ ቀጣሪ ከግብር ነጻ የሆነ ገንዘብ ሰጥቶ ሠራተኛው የራሱን መድን እንዲገዛ ተፈቅዷል፤ ይህ የሚያዋጣው መከልከል በመቅረቱ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ውሉን ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡ ግን እዚያው ይቀራል።